የነገሩንን ያህል ነው የምናውቀው

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለወላጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ልጅ የማሳደግ አደራ የወደቀባችሁ አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች፤ የእሑድን ከሰዓት፣ ለቅሶውንም ማኅበሩንም ለሌላ ሰው አደራ ብላችሁ እዚህ በመገኘታችሁ አመሰግናለሁ። የተጋበዝኩት ጎረምሳ ልጅን ኃላፊነት ስለማስለመድ እንድናገር ነበር። አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ግን አንድ ጉዳይ ጨምሬበታለሁ፤ እሱም ልጁ በሆዱ ይዞት የቆየውን ነገር ለቤተሰቡ የሚያወጣበት ቀን ነው። ሁለቱ ለየብቻ የሚቆሙ ርእሶች ይመስላሉ። በምክር አገልግሎት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን፣ ኃላፊነትን በወጉ የተቀበለ ልጅ ምስጢሩንም በወጉ እንደሚያካፍል፣ በትንሹ ያልታመነ ልጅ ደግሞ ትልቁን ነገር ይዞ ወደ ሌላ ቤት እንደሚሄድ ነው።

ወደ ቢሮዬ የሚመጣ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ "ልጄ የሚያደርገውን በምን ልወቅ?" የሚል ነው። ከጥያቄው በፊት ያልተሳካ ጥረት አለ፤ ስልኩ ተበርብሯል፣ የግቢው ጥበቃ ተጠይቋል፣ ታናሽ እህቱ ሳትወድ ሰላይ ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ከር የተባሉ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ በ703 የ14 ዓመት ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ ያደረጉትን ጥናት ውጤት ይፋ አድርገው ነበር። ወላጆቹ ስለ ልጃቸው ውሎ የሚያውቁት ነገር በዋነኛነት የተገኘው ከቁጥጥርም ከምርመራም ሳይሆን፣ ልጁ ራሱ ወዶ ከሚነግራቸው ነበር። "ስዊድን ሌላ፣ እኛ ሌላ" የሚል ካለ አልከራከረውም። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ግን ስለ ልጃችሁ የቅርብ ጓደኛ የምታውቁትን ሁሉ አስቡና ማን እንደነገራችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

እኛ በእርግጥ ሌላ ምንጭ ነበረን፤ እሱም ሰፈር ነው። በእኔ ልጅነት ከፒያሳ ሲኒማ ቤት ስንወጣ ያየችን ጎረቤት ወሬውን ከእኛ ቀድማ እቤት ታደርሰው ነበር። ያ ዓይን ዛሬ ተበትኗል። ከካዛንቺስ ተነሥቶ ገላን ጉራ የገባ ቤተሰብ ልጁን በቀድሞው ትምህርት ቤት ለማስጨረስ ከወሰነ፣ ልጁ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል፤ በመካከሉ የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደታየ የምትናገር እትዬ እከሊት የለችም። እሷም ሌላ ብሎክ፣ ሌላ ፎቅ ላይ ወጥታ የራሷን ጎረቤት ገና እየተለማመደች ነው። ስለዚህ ሰፈር ያውቅልን የነበረውን ነገር ዛሬ ከልጁ አንደበት ውጪ የምናገኝበት ሌላ ቦታ የለም።

አሁን ወደ ኃላፊነት ልግባ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ሲባል እየሰማን አድገናል፤ ተረቱንም ተሳስቷል ብዬ አላጣጥለውም። ሆኖም ያ ልጅ ሊጡን የነካው ስንተኛ ዓመቱ ላይ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልገጠመኝም። በአንድ ጣሪያ ሥር የ11 ዓመት ሴት ልጅ ታናናሾቿን አጥባ፣ አብልታ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ የ17 ዓመት ወንድሟ ካልሲውን ማን እንደሚያጥብለት ሳያውቅ ያድጋል። እሷ ከአቅሟ በላይ ተጭኖባታል፤ እሱ ከአቅሙ በታች ተይዟል። ሁለቱም የኃላፊነትን ነገር በትክክል ሳይማሩ ከቤት ይወጣሉ፤ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደተበደለ እኔ መወሰን ያቅተኛል።

ሕጎቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ደረጃ ጠባቂ ናቸው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 5 ላይ ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው አመራር በየጊዜው እያደገ ከሚሄደው የልጁ ችሎታ ጋር እንዲጣጣም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1990 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ ስለ ልጅ መብት ብቻ ተናግሮ አላበቃም፤ በአንቀጽ 31 ልጅም ለቤተሰቡና ለማኅበረሰቡ ግዴታ እንዳለበት፣ ያም እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው እንደሚሆን ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ከልክሎ፣ ከ15 እስከ 18 ያለውን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይገድባል። የወንጀል ሕጉም ከ9 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውን ለብቻ፣ ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በሌላ መንገድ ያያል። በቤታችን ግን መሰላሉ ሁለት እርከን ብቻ ነው። እስከ ትናንት "አንተ ምን ታውቃለህ" ይባል የነበረ ልጅ በማግሥቱ "አንተ እኮ ትልቅ ሰው ነህ" ይባላል።

መላክና ኃላፊነት መስጠት እንደሚለያዩም መናገር ይገባኛል፤ ብዙ ወላጅ "ልጄ ሥራ ይሠራል" ሲለኝ የሚነግረኝ ስለ መላክ ነውና። "ሄደህ አምስት ዳቦ ገዝተህ ና" ሲባል የሚያስበው ላኪው ነው፤ ተላኪው እግር ብቻ ነው። "የዚህ ሳምንት ዳቦ በአንተ ላይ ነው፤ ብሩ ይኸው" ሲባል ግን ልጁ ስንት ሰው ለቁርስ እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ ይመጣ እንደሆነ፣ ዓርብ ላይ ብሩ ያልቅ እንደሆነ ያስባል። ኃላፊነት የሚባለው ይህ ሐሳብ ነው። ዳቦው የጎደለ ቀን ደግሞ ቤተሰቡ ያለ ዳቦ ሻይ መጠጣት ይኖርበታል፤ እናት ተደብቃ ሱቅ ከሮጠች ትምህርቱ እዚያው ፈርሷል።

አንድ አባት የነገሩኝን ላካፍላችሁ። ለ15 ዓመት ልጃቸው የታክሲና የምሳ ገንዘቡን በየጠዋቱ ቆጥረው ይሰጡት ነበር። አንድ ቀን የወሩን በሙሉ በአንድ ፖስታ አድርገው ሰጡት። በ19ኛው ቀን ፖስታው ባዶ ሆነ። ልጁ አልተናገረም፤ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎን አልፎ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሩ እየተመለሰ ሁለት ቀን ቆየ። አባት ጫማው ላይ ያለውን አቧራ አይተዋል፤ ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ ልጁ መጥቶ "አባዬ፣ ብሩ አልቋል። ለጓደኛዬ አበድሬ አልመለሰልኝም፤ ቀሪውን በልቼዋለሁ" አላቸው። አባትዬው መጀመሪያ የመጣላቸው ቁጣ እንደነበር አልሸሸጉኝም። ያሉት ግን "ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፤ የቀሩትን ቀኖች በስንት ትጨርሳቸዋለህ? ቁጭ በልና አስላልኝ" ነበር። ልጁ አስልቶ ያመጣው ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ሒሳብ ነበር፤ ጠዋት በታክሲ፣ ማታ በእግር፣ ምሳ ከቤት በሣህን። በሚቀጥለው ወርም ፖስታው በአንድ ጊዜ ተሰጠው።

ወላጆች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ስለ ገንዘቡ ይጠይቁኛል። እኔን የሚገርመኝ ግን "ብሩ አልቋል" የሚለው ቃል ነው። ልጁ ጥፋቱን ይዞ መጥቶ ሲናገር ምን እንደሚገጥመው በዚያ ማታ ተምሯል። የአንጎል ሳይንስ እንደሚያስረዳን፣ መዘዝን አስቀድሞ የሚያመዛዝነውና ግፊትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። የ15 ዓመት ልጅ መሳሳቱ አይቀርም ማለት ነው። ጥያቄው የተሳሳተ ቀን ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ለተሰበረ ብርጭቆ ጥፊ የቀመሰ፣ ለጠፋ መጽሐፍ የአንድ ሳምንት ኩርፊያ የተቀበለ ልጅ፣ ከብርጭቆና ከመጽሐፍ የከበደ ነገር ሲገጥመው ዋጋውን ከወዲሁ አስልቶ ይጨርሳል።

የከበደ ነገር ስል መጀመሪያ የማስበው ፈተናን ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ ከተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በዚህች ከተማ ውስጥ እጅግ ብዙ ልጆች በአንድ ሰሞን አንድ ዓይነት ከባድ ወሬ ለቤተሰባቸው ይዘው ገብተዋል። አንዳንዱ ቤት ልጁን አቅፎ አብሮ አለቀሰ። በሌላው ቤት "የእከሌ ልጅ አልፎ አንተ እንዴት?" ተባለ፤ የእከሌም ልጅ አላለፈም ነበር፤ ቤተሰቡን ግን ዋሽቷል። ይህን የማውቀው ሁለቱም ልጆች በተለያየ ቀን እኔ ቢሮ ተቀምጠው ስለነበር ነው።

ምስጢርን በሚመለከት ቋንቋችን ብዙ ቃል አለው፤ ገመና፣ ይሉኝታ፣ "ሆድ ይፍጀው"። እነዚህ ቃላት ክፉ አይደሉም፤ በጠባብ ግቢ ውስጥ ተሳስበን እንድንኖር ያደረጉን ናቸው። ዳሩ ግን ይህች ከተማ "ሆድ ይፍጀው" ማለት ሰው የሚገድልበትን ዘመንም አይታለች። ኤችአይቪ በየቤቱ በገባበት ጊዜ በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር፤ በኋላ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያን የመሰሉ ማኅበራት አባላት ፊታቸውን አሳይተው "ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ" ሲሉ፣ ብዙ እናትና ልጅ በዚያ ድፍረት ተጠግተው እርስ በርስ ተነጋገሩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ራሱን የገለጠ ሰው ቀድሞ ወደ ሕክምናው ደረሰ። ያ ዘመን ካስተማረን ነገር አንዱ፣ ምስጢሩን ለማን፣ መቼና በምን ቃል እንደሚናገር የመወሰን መብት የባለቤቱ መሆኑ ነው።

ይህን እኔ ራሴ በጥፋቴ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት አማካሪ ሆኜ ስሠራ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ የሆዷን አጫወተችኝ። የነገረችኝ ነገር ለሕይወቷ የሚያሰጋ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ለቤተሰብ ማሳወቅ ግዴታዬ በሆነ ነበር። "ለእሷው ስል" ብዬ ልጅቷን ሳልጠይቅ እናቷን አስጠርቼ ነገርኳቸው። እናትየው ደግ ሴት ነበሩ፤ አልመቷትም፣ አልጮኹባትም። ልጅቷ ግን ከዚያን ቀን በኋላ ወደ ቢሮዬ አልመጣችም፤ እስክትመረቅ ድረስ በኮሪደሩ ስንተላለፍ ሰላምታዋ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነበር። እናቷንም የነፈግኋቸው ነገር አለ፤ ልጃቸው ራሷ መጥታ የምትነግራቸውን ቀን።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ጉዳይ በዚህ አዳራሽ ለብዙዎቻችሁ ከሁሉ የሚከብደው ነው። አንዳንድ ልጅ ለቤተሰቡ የሚያወጣው ምስጢር የፍቅር ስሜቱ ወደ ራሱ ጾታ እንደሚያደላ ነው። "እዚህ አገር የለም" የሚለውን አባባል ተውት፤ ቢሮዬ መጥተው ያለቀሱ ወላጆች አሉ። ስለ ሃይማኖታችሁ ልከራከር አልመጣሁም፤ የምናገረው ልጁ በተናገረበት ማታ ስለሚሆነው ነው። አስቀድሜ የታወቀውን ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ስሜት ከበሽታዎች ዝርዝር ካወጣው ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1990 ነበር። ስለዚህ "የሚያድን ሐኪም" ፍለጋ መንከራተት ልጁን ከማሰቃየት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ድርጊትን በእስራት ያስቀጣል፤ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፣ ልጅ ለእናቱ ስሜቱን መንገሩን አይደለም። ሆኖም ሕጉም የሰፈሩም ቁጣ እንዳለ ስለምታውቁ፣ ምስጢሩ ከቤት ቢወጣ ልጁ ምን ላይ እንደሚወድቅ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ጥናት እንዲህ ዓይነት ስሜት ያላቸውን ወጣቶች ቤተሰባቸው በጉርምስናቸው እንዴት እንደተቀበላቸው ጠይቆ ነበር። ከቤተሰባቸው ከባድ መገፋት የደረሰባቸው ወጣቶች፣ ካልተገፉት ወይም ጥቂት ብቻ ከተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን የመናገር ዕድላቸው ከ8 ጊዜ በላይ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። መገፋት የተባለው ከቤት ማባረር ብቻ አልነበረም፤ መምታት፣ መስደብ፣ ከቤተሰብ ዝግጅት ማግለልና "ስለዚህ ነገር አትናገር" ብሎ አፍ ማዘጋት ሁሉ በውስጡ አሉ። አገሩ ሌላ ነው፤ በገዛ አባቱ "ልጄ አይደለህም" የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ሕመም ግን በየትኛው አገር እንደሚቀልል አላውቅም።

ታዲያ ያን ማታ ምን ይደረግ? ያልተዘጋጀ ወላጅ የመጀመሪያ ቃሉ ይጠፋዋል፤ ይህ ነውር አይደለም። "ደንግጫለሁ፤ ልጄ መሆንህ ግን አልተለወጠም" ማለት ይበቃል፤ ሌላው ነገር ይደርሳል። ለወንድማችሁ፣ ለአክስቱ፣ ለጓደኛችሁ አትደውሉ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼኽ ጋር መማከር የምትፈልጉ ካላችሁ ስለ ራሳችሁ ጭንቀት ተማከሩ፤ ልጁን ግን ሳይፈቅድ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ስሙንም አትጥሩ። ስልኩን ቀምታችሁ ጓደኞቹን አትፈልጉ፤ የእናንተን ልጅ ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ልጅም አብራችሁ ታጋልጣላችሁ። ልጁ መኖር እንደሰለቸው የሚያመለክት ቃል ከተናገረ ደግሞ ፊት ለፊት "ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። መልሱ "አዎ" ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያችሁ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። ለሐኪሙ የቀረውን ዝርዝር መናገርና አለመናገር የልጁ ፋንታ ነው።

ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ሶፋ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው እምብዛም እንደማይናገሩም እወቁ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሲኒ እያጠቡ፣ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው መስኮቱን እያዩ፣ ወይም መብራት በጠፋበት ማታ ነው የሚናገሩት። አንዲት እናት እንዲህ አጫወቱኝ። መብራት ጠፍቶ፣ ሻማውም አልቆ ከልጃቸው ጋር አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ልጅቷ በጨለማው ውስጥ መናገር ጀመረች፤ የነገረቻቸውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ግማሽ ላይ ስትደርስ መብራት መጣ፤ ግቢው ሁሉ በደስታ ጮኸ፣ ልጅቷ ግን ፊቷን በአንሶላ ሸፍና ዝም አለች። እናትየው ተነሥተው አምፖሉን አጠፉና ተመልሰው በቦታቸው ተጋደሙ። እስክትጨርስ ሌላ ሁለት ሰዓት ፈጀ።

ከተናገረ በኋላ ያለው ጊዜ ከማታው ይረዝማል፤ ወላጆችም አብዝተው የሚሳሳቱት በዚህ ጊዜ ነው። ምስጢሩን የሰማ ቤት ልጁን እንደገና ሕፃን ያደርገዋል። ብቻውን እንዳይወጣ፣ ገንዘብ እንዳይዝ፣ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል እንዳያድር ይባላል። ቅጣት ነው ብሎ የሚያምን የለም፤ "ጥበቃ" ይባላል። ልጁ ግን ሒሳቡን ያውቃል። ተናገረ፤ የነበረውን አጣ። ከእሱ ታናሽ የሆነችውም እህቱ በሩ አጠገብ ቆማ ይህን እየተማረች ነው።

ሱቅ ያላቸው አንድ አባት ነበሩ። መለያ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ለውጬዋለሁ። የ17 ዓመት ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ዕቃ ተረክቦ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይህን ኃላፊነት ከተረከበ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ልጁ ስሜቱ ወደ ወንዶች እንደሚያደላ ነገራቸው። አባትዬው ሳይመልሱለት ተነሥተው መኝታቸው ገቡ። ቅዳሜ አልተነጋገሩም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመለሱ፣ ምሳ ቀረበ፣ አልተነጋገሩም። ለሚስታቸውም ለወንድማቸውም አንድ ቃል አልነገሩም። ሰኞ በማለዳ ልጁ ቁልፉን እንደማያገኝ ቆርጦ ቦርሳውን አንግቶ ሳሎን ሲገባ፣ ቁልፉ እንደ ወትሮው ከሻዩ ብርጭቆ ጎን ተቀምጧል። አባትዬው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከበሩ ላይ ሆነው "ዘይቱ በአንድ ሰዓት ይመጣል፤ ባለፈው አንድ ካርቶን አጉድለውብናል፣ ቆጥረህ ተረከብ" አሉት።